ከበርሜሉ የተረፈ ውሃ

በየካቲት አጋማሽ፣ የዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ሐሙስ ቀን፣ ካሴ በሬዎቹን ውሃ ሊያጠጣ ወደ አይነጥፍ ወረደ። አይነጥፍ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ጠርዝ የምትነሣ ትንሽ ወንዝ ናት። በክረምት አህያ ትወስዳለች፤ በበጋ ግን ሕፃን ልጅ ይዘላታል። በሬዎቹ አንገታቸውን ዘርግተው አሸተቱና የተመካከሩ ይመስል አንድ ላይ ወደ ኋላ አሉ። ካሴ ጎንበስ ብሎ አየ። ውሃው ቀይ ነበር።

ቀዩ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ሰው መጠየቅ አላስፈለገውም። ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ ሄዶ ዘርፌ በር ላይ ቆመ።

"ዘርፌ! አንቺ ዘርፌ! እስቲ ውጪ!"

ዘርፌ እጇ እስከ ክንዷ ቀልቶ ወጣች። "እንዴት አደሩ አያ ካሴ? ምነው በጠዋቱ?"

"ምን አድራለሁ! በሬዎቼ ጠምቷቸው ቆመዋል። ወንዙን በርበሬ በጥብጠሽበት።"

"በርበሬ እንኳ አይደለም። የክር ቀለም ነው።"

"በርበሬ ቢሆን ኖሮ በቀመስነው። ይሄን ግን በሬም አልቀመሰው።"

ዘርፌ የቀላ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ካሴ ያለው እውነት ነበር። እሷ ክር ቀለም እየነከረች ነው የምትኖረው። እንደ ጎረቤቷ እንደ ማስተዋል ያሉ ሴቶች የፈተሉትን ትገዛለች፤ በሦስት በርሜል ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ ትነክራለች፤ ከዚያ በአውቶቡስ ወገዳ ለሚኖረው ለሸማኔው ለአዲሱ ትልካለች። ክሩ ከቀለሙ የሚጠጣውን ይጠጣል። የተረፈው፣ ቀለሙ ክሩን እንዲይዝ ከምትጨምረው ጨውና ኮምጣጤ ጋር በቦዩ ወርዶ ወንዝ ይገባል። ክረምት ከሆነ ጎርፉ ይዞት ስለሚሄድ የሚያየው የለም። ዘንድሮ ግን ለፋሲካ ጥለት ስድሳ ቱባ ታዘዘች፤ አብዛኛው ደግሞ ቀይ ነው። ወንዙ በቀጠነበት ወር ከዚያ በፊት ነክራ የማታውቀውን ያህል ነከረች።

ነገሩ ለሽማግሌዎች ቀረበ። ሦስት ነበሩ፤ ሰብሳቢያቸው መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ናቸው። ሁለቱንም ወገን አድምጠው የቆረጡት አጭር ነበር፤ ዘርፌ እስከ ደብረ ዘይት እሑድ ውሃውን የምታጠራበት መላ ትፈልግ፤ ካጣች በርሜሎቹ ከወንዙ ዳር ይነሡ።

በርሜሎቹ ተነሡ ማለት ለዘርፌ ሥራው ቀረ ማለት ነው። ግቢዋ ውስጥ ቧንቧ የለም። ሌላ ቦታም የላት። ክር ደግሞ ያለ ውሃ አይነከርም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ቤቷን ያቆሙት እነዚያ ሦስት በርሜሎች ናቸው።

*

ክንዱ የሚባል ወጣት የኬሚስትሪ መምህር እሷ ግቢ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ጋይንት ተወልዶ ያደገ፣ ከተናገረ በቀስታ የሚናገር ልጅ ነው። የሽማግሌዎቹን ውሳኔ በሰማ በማግስቱ ዘርፌ ቱባ ከምትዘረጋበት ገመድ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

"እትዬ ዘርፌ፣ አንድ ነገር ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለመመረቂያዬ የሠራሁት። ቀለም ከውሃ የሚያወጣ።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ቆልፎህ ነው ዝም ያልክ?"

"የሠራሁት በብርጭቆ ነው። የእርስዎ በርሜል ነው።"

"ብርጭቆም በርሜልም የሚይዝ ውሃ ነው።"

"በብርጭቆ የተሳካ ሁሉ በርሜል ላይ አይሳካም። እንዳላሳፍርዎት ፈርቼ ነው።"

"እኔን የሚያሳፍረኝ በርሜሎቼን ካሴ እያየ ሳስነሣ ነው። ንገረኝ ይልቅ።"

ነገራት። የብረት ጨው በውሃ ይሟሟል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ለብቻው ይፈላል። የቅጠሉ ውሃ በብረቱ ላይ ሲፈስበት ብረቱ በዓይን ቀርቶ በትምህርት ቤቱ ማጉያ መነጽር እንኳ ወደማይታይ ደቃቅ ይለወጣል። ናኖ ይሉታል። አንዲት የጤፍ ፍሬ ሚሊዮን ቦታ ብትከፈል አንዷ ክፋይ ገና ከናኖ ትበልጣለች።

"ይህን ያህል መድቀቁ ምን ይጠቅማል?"

"የጨው ድንጋይ ወጥ ውስጥ ቢጥሉ ቶሎ ይሟሟል?"

"ካልተፈጨማ የት ይሟሟል።"

"በቃ እንደዚያ ነው። ብረት በደቀቀ ቁጥር ቀለሙን የሚነካበት ገላው ይበዛል። ከፊሉን ቀለም ራሱ ላይ ይለጥፋል፣ ከፊሉን ይሰብረዋል። ከዚያ ይዞት ወደ ታች ይዘቅጣል። ቅጠሉን የመረጥኩት ደግሞ ብረቱን ለማድቀቅ የሚጠቀሙበትን መርዛም ኬሚካል እንዲተካልኝ ነው። ውሃ አጠራለሁ ብዬ መርዝ አልጨምርም።"

ዘርፌ ከግቢዋ ጀርባ ያለውን ባሕር ዛፍ አየች። "ቅጠልስ ሞልቷል" አለች።

ክንዱ የብረቱን ጨው ከባሕር ዳር አስመጣ። ቅዳሜ ጠዋት ማስተዋል ቅጠሉን ሸመጠጠች፣ ዘርፌ በትልቅ ድስት አፈላች፣ ክንዱ በነጠላ አጠለለው። ወርቃማውን የቅጠል ውሃ ቡናማው የብረት ውሃ ላይ ሲያንቆረቁር ባልዲው ውስጥ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠቆረ። ማስተዋል "በስመ አብ!" ብላ ወደ ኋላ ሸሸች።

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል በዚያ በኩል ሲያልፉ ድምፅዋን ሰምተው ገቡ። ጋይንት ቤተ ልሔም የተማሩ ሊቅ ናቸው፤ እስከ ዛሬም ብራና የሚጽፉት ራሳቸው በሚያዘጋጁት ቀለም ነው። ባልዲው ላይ ጎንበስ አሉ፤ ጣታቸውን ነክረው መቋሚያቸው ላይ አንድ መስመር ሰመሩበት።

"ይህማ የኛ ቀለም ነው! እኛ ስንት ወር ጠብቀን የምናገኘውን አንተ ከመቼው አጠቆርከው?"

"የኔታ፣ ለመጻፊያ የሚሆን አይመስለኝም።"

"ለካስ ቀለም ልታወጣ ቀለም ልትጨምር ነው።" መሪጌታ ሳቁ። "በል እንግዲህ ወንዙን አጥቁረህ እንዳታመጣብን። ካሴ የከሰሰው ቀዩን ብቻ ነው።"

መሪጌታ ሲስቁ ክንዱ አብሮ አልሳቀም፤ እሱም የሚፈራው ይህንኑ ነበር። እንደ ፈራውም በመጀመሪያው ቀን ጥቁሩን አበዙትና ቀዩ ሲጠፋ ውሃው የደፈረሰ ሻይ መሰለ። በሁለተኛው አሳነሱትና ሐምራዊ ሆኖ ቀረ። ክንዱ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መጠኑን በጠመኔ በሩ ላይ እየጻፈ፣ ዘርፌ በረጅም ዱላ እያማሰለች፣ ሦስተኛውም አራተኛውም አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ዘርፌ በርሜሉን አንድ ሰዓት አማስላ ተወችው። ጥቁሩ ሁሉ ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን በአሸዋና በነጠላ አጥልላ በብርጭቆ ቀዳችና ወደ ፀሐይ አነሣችው። ከብርጭቆው ማዶ የማስተዋል ፊት ታያት።

"ትታዪኛለሽ" አለች ዘርፌ።

"እኔስ መቼ ጠፋሁ!" አለች ማስተዋል።

ለእሑድ የሚሆን፣ በርሜል ውስጥ ገና ያልገባ ጥቁር የብረት ጭቃ ተርፎ ነበር። ክንዱ ውሃ እንደ ለበሰ ባልዲ ውስጥ ከደነው። ሐሙስ ለሥልጠና ደብረ ታቦር ተጠርቶ ሲሄድ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "እትዬ ዘርፌ፣ አደራ፣ ይሄ እንዳይደፋ።"

*

ዘርፌ አደራውን ጠበቀች። አርብ ጠዋት ክዳኑን ገልጣ አየችው። አልተደፋም፤ ግን ያደረ ቅጠል ይሸታል። እርጥብ ነገር ተከድኖ ከከረመ እንደሚሻግት የማያውቅ ቤት የለም። ብቅልም ቢሆን፣ ጌሾም ቢሆን፣ በርበሬም ቢሆን ሳይሰጣ አይቀመጥም። ልጁ የተማረ ነው፤ ግን ወንድ ልጅ ስለ ማስቀመጥ ምን ያውቃል? ጭቃውን አጠለለችና ንጹሕ ሸራ ላይ ስስ አድርጋ አሰጣችው።

የየካቲት መጨረሻ ፀሐይ ነው፤ በሁለት ቀን ኩርምት አደረገው። ጥቁሩ ወደ ቡናማ ሲሄድ አየች፤ ግን የትኛው ቅጠል ነው ደርቆ መልኩን ያልቀየረ? አሽታ አደቀቀችው፣ በወንፊት ነፋችው፣ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከትታ ከደነችው። ሥራዋ ደስ አላት። ለክንዱ ስልክ ልትደውል አሰበችና ሲመጣ ያየዋል ብላ ተወችው።

የደብረ ዘይት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱ ሽማግሌዎች በዘርፌ ግቢ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ካሴ ከታች ከወንዙ ማዶ ከሚያርሱ አራት ሰዎች ጋር መጣ። ክንዱ ከአውቶቡስ እንደ ወረደ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ደረሰ። አንዱ በርሜል ሐሙስ ከተነከረው የተረፈውን ቀይ ውሃ እንደ ያዘ ነበር። ዘርፌ ሰው ሁሉ እያያት ከጣሳው በሩ ላይ የተጻፈውን ያህል ሰፍራ ጨመረች፣ አማሰለች፣ ቆመች።

አንድ ሰዓት አለፈ። ብርጭቆ ቀዳች። ቀይ ነው።

"ይዝቀጥ" አለች። ጠበቁ። ዳግመኛ ቀዳች። ቀይ።

"ውሃው እንዳለ ነው" አለ ካሴ። "የተቆላነው እኛ ነን፣ በዚህ ፀሐይ።"

አብረውት የመጡት ሳቁ። ክንዱ ወደ ጣሳው ሄዶ አየና እጁን አስገብቶ በጣቱ አሸው።

"እትዬ ዘርፌ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ናኖህ ነዋ። አድርቄ፣ አሽቼ፣ ነፍቼ..."

"አደረቁት?"

"ኧረ ሳላደርቀው ሻግቶ ብታገኘውስ!"

ማስተዋል አፏን በነጠላዋ ያዘች። "እግዜር ይመስገን፣ ጨውና ኮረሪማ አልጨመረችበትም" አለች፤ በዚህኛው ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ዘርፌ ብቻ አልሳቀችም። የሳቁባት ነገር ምን እንደሆነ ገና አልገባትም፤ እጇ ላይ ያለው ብርጭቆ ግን እንደ ቀላ ነው።

ክንዱ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። "አባቶቼ፣ ብረት ነው፤ ዛገ። ደቃቅ ስለሆነ አየር ካገኘው ቶሎ ይዝጋል፤ ከዛገ ደግሞ ኃይል የለውም። ይህን ለእሳቸው መንገር ነበረብኝ፣ አልነገርኩም። እንዳይደፋ ብቻ ብዬ ሄድኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ሂድ ወዲያ! አትሸፋፍንልኝ" አለች ዘርፌ። "ያሰጣሁት እኔ ነኝ። ማንም እጄን አልያዘኝም።"

"እስቲ ተስማሙና አንዳችሁ አጥፉ" አለ ካሴ። "ለእኔ ማንኛችሁም ብታጠፉ በሬዎቼ እንደ ጠማቸው ነው።"

"እውነታቸውን ነው" አለ ክንዱ። "ግን ሁለት ሰዓት ስጡኝ። የብረቱ ጨው አለ፣ ቅጠሉ እዚሁ ነው። እያያችሁ እሠራዋለሁ።"

"ሁለት ሳምንት ያልበቃው ሁለት ሰዓት ሊበቃው!" አለ ካሴ።

መሪጌታ መቋሚያቸውን አስደግፈው ቆዩና፣ "እኛ የደብረ ዘይት እሑድ ነው ያልነው" አሉ። "ጠዋት ወይ ከሰዓት አላልንም። እሑድ ደግሞ ገና አላለቀም።"

እሳት ተነደደ። ማስተዋል የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጎትታ መሀል ጣለችው። ክንዱ ሲሸመጥጥ ካሴ እጁን አጣምሮ ያያል።

"አያ ካሴ፣ ባዶ እጅዎን ከሚቀመጡ ይሽምጥጡ እንጂ" አለች ማስተዋል።

"ከሳሽ ነኝ እኔ!"

"ከሳሽ ቅጠል አይሸመጥጥም የሚል ሕግ አለ?"

ካሴ መሪጌታን አያቸው። እሳቸው ወደ ሌላ ቦታ ያያሉ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ቅርንጫፍ ወደ ራሱ ሳበና ቅጠሉን እንደ ተናደደበት ሁሉ ይሸመጥጠው ጀመር።

ቅጠሉ ፈላ፣ ተጠለለ፣ ቀዘቀዘ። በብረቱ ላይ ሲፈስ ጠቆረ። ጥቁሩ ገና ትኩስ እንዳለ በርሜሉ ውስጥ ገባ፤ ዘርፌና ክንዱ እየተቀባበሉ አማሰሉት። ከዚያ ሁሉም ጠበቀ። ዘርፌ በርሜሉን ላለማየት የገመዱን ቱባ ቆጠረች፤ ሃያ ሁለት ላይ ተሳሳተችና ተወችው።

ክንዱ ከላይ ቀድቶ በአሸዋና በነጠላ አጥልሎ ብርጭቆውን ለመሪጌታ ሰጣቸው። መሪጌታ አዩት፣ ለሁለተኛው ሽማግሌ አቀበሉት፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው፣ ሦስተኛው ለካሴ። ካሴ ብርጭቆውን ወደ ሰማይ አነሣው፣ አዘቀዘቀው፣ ዞሮ በጥላ በኩልም አየው። ጠርቷል።

"ጠርቷል" አለ፤ ቃሉ እየከበደው። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ ክንዱ ዘረጋ። "በል ቅመስ።"

ልማዱን ሁሉም ያውቀዋል። በዚህ አገር ጠላ የሚቀዳ ሰው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ አያቀርብም። ያልቀመሰውን የሚያቀርብ ሰው አይታመንም።

"ቅዳሴ አልቋል" አለ ካሴ። "ጾም ነኝ አትልም። ውሃ ነው።"

ክንዱ ብርጭቆውን ተቀበለ። አልጠጣም።

ዘርፌ በልቧ ለመነችው። አንድ ጉንጭ ናት። አንድ ጉንጭ ውሃ ማንን ገደለ? ቅመሳትና በርሜሎቼ ይትረፉልኝ፤ ነገ የፈለግኸውን ትመረምራለህ። ልጁ ግን እንደ ቆመ ነው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው መተያየት ጀመሩ። ዘርፌ ከዚያ በላይ መጠበቅ አልቻለችም፤ አንድ የመጠጫ ጣሳ በተጠለለው ውሃ ሞላችና ወደ አፏ አነሣች።

ክንዱ እጇን ያዛት። ሰው ፊት፣ ታላቋን ሴት፣ እጇን። ውሃው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

"ይቅርታ እትዬ ዘርፌ። አይጠጡ።"

"ልቀቀኝ! ስንት ጊዜ ታዋርደኛለህ?"

"አይጠጣም" አለ ክንዱ፤ እጇን ለቆ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። "ለመጠጥ ይሆናል አላልኩም። ከውሃው የወጣው ቀለሙ ነው። ጨውና ኮምጣጤው እንዳለ ነው። ከተሰበረው ቀለም ደግሞ በዓይን የማይታይ ስብርባሪ ይቀራል፤ ምን እንደሆነ ዩኒቨርሲቲው መርምሮ ሳይነግረኝ እኔ አላውቅም። ዛሬ ብቀምስላችሁ ነገ ልጆቻችሁን ታጠጣላችሁ።"

"ለበሬስ?" አሉ መሪጌታ።

"ለበሬም ይሆናል ብዬ አልምልም።"

ካሴ ሁለት እጁን ዘረጋ። "በቃ! እኔ ምን ጨምሬ ልናገር? ራሱ ተናገረ። ቀዩን መርዝ ነጭ አደረገልን። ቀይ ሲሆን እንኳ በሬዬ ለይቶት ይሸሽ ነበር!"

ክንዱ ራሱ አንገቱን ነቀነቀ፤ ካሴ ልክ ነው። ሁለተኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ዘርፌ ፍርድ ከመጀመሩ በፊት ሁሌም ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ታውቃለች። የረጠበ ቀሚሷን እያራገፈች ነበር፤ ኮምጣጤው ሸተታት። እጇ ቆመ።

"ጨውና ኮምጣጤው አለ አልክ?"

"አለ።"

"ሙሉውን?"

"ሙሉውን ባይሆን አብዛኛው።"

"ታዲያ እኔ ይህን ውሃ ለምንድን ነው የምደፋው?"

ክንዱ ወዲያው አልገባውም።

"ለእያንዳንዱ በርሜል ስንት ኪሎ ጨው እንደምጨምር ታውቃለህ? ቀለሙ ከወጣ ይሄ ለእኔ ውሃ አይደለም፤ የተዘጋጀ መንከሪያ ነው። ሌላ ቀለም ጨምሬ እነክርበታለሁ። ሲያልቅ አንተ ደግሞ ታጠራዋለህ፤ እኔ ደግሞ እነክራለሁ።"

"አላውቅም" አለ ክንዱ በቀስታ። "አልሞከርኩትም። ሳይዘቅጥ የቀረ ብረት ካለ አዲሱንም ቀለም ይበላዋል። ወይ ያጠቁረዋል።"

"እሳቱ አልጠፋም። እናያለና።"

ማንም ፈቃድ አልሰጣትም፤ ማንም አልከለከላትም። የተጠለለውን ውሃ በድስት ጣደች፣ አንድ ፓኬት ቀይ ቀለም በተነችበት፣ አንድ ቱባ ነከረች። ካሴ ሳይጠሩት መጥቶ ከድስቱ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ፈልቶ ሲበቃው ዘርፌ በእንጨት አወጣችውና በሌላ በርሜል አለቀለቀችው፤ ማለቅለቂያውንም መሬት አላስነካችውም። ቱባው ቀለሙን ይዟል። የፋሲካው ፍም የመሰለ ቀይ ግን አልሆነም። የጠቆረ ቀይ፣ እንደ በሰለ አጋም ያለ ነው።

"አጠቆረው" አለ ክንዱ።

"አይቻለሁ" አለች ዘርፌ። ቱባውን ጨመቀችና ክሩን ለይታ እየጎተተች መረመረችው። "ግን ወጥ ነው። አልተዥጎረጎረም።"

"ከታች የዘቀጠውስ ጭቃ?" አለ ካሴ። "እሱስ የት ሊደፋ ነው?"

ክንዱ አየው። ከጠዋት ጀምሮ ከተጠየቀው ሁሉ ይሄ ከባዱ ነበር። "ጥሩ ጠየቁ። መልስ የለኝም። ለጊዜው ክዳን ባለው ጀሪካን እናጠራቅመዋለን። ናሙናውን እኔ ወስጄ አስመረምራለሁ። መልስ ሳይመጣ አንድ ማንኪያም አይደፋም።"

ሽማግሌዎቹ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደው ተመካከሩ። ብዙ አልቆዩም። መሪጌታ ተመልሰው ቆመው ተናገሩ።

"በርሜሎቹ ይቀመጡ። ከዛሬ ጀምሮ ግን ከዚህ ግቢ ወደ ወንዝ፣ ቀለም ያለውም ሆነ የሌለው፣ የማለቅለቂያውም ጭምር፣ አንድ ጣሳ ውሃ አይወርድም። ቦዩ ዛሬውኑ ይደፈን። ካሴ በፈለገው ቀን ገብቶ ያያል። አንድ ቀን ውሃ ሲወርድ ካገኘ ሌላ ሽምግልና አንቀመጥም፤ በርሜሎቹ ይነሣሉ።"

"ይግቡ" አለች ዘርፌ። "ግን እያንኳኩ።"

"ካንኳኳሁማ ደብቀሽ ትጠብቂኛለሽ" አለ ካሴ።

"በርሜል የት ይደበቃል? ቀሚሴ ውስጥ?"

ካሴ ሳይፈልግ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ሳይታይበት ግን ዶማ ጠየቀ። ቦዩን ራሱ ደፈነው፤ አፈሩንም በእግሩ ረጋግጦ ሄደ።

*

ሰኞ ጠዋት ዘርፌ ወገዳ ለአዲሱ ደወለች። ክንዱ ወደ ትምህርት ቤት ሊሄድ በር ላይ ነበርና ቆሞ ሰማ።

"አዲሱ፣ ስማኝ። ቀዩ ዘንድሮ ይጠቁራል... ኧረ ደህና ነኝ። አይ፣ አልተበላሸም፤ የውሃው ነገር ነው... የቀረውን ቀይ ሁሉ፣ አዎ። ፍም ቀይ ካልሆነ አልወስድም ካልክ አሁኑኑ ንገረኝ፤ ተስፋ ሰጥቼህ ፋሲካ ሲደርስ አላሳፍርህም።"

አዲሱ በስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተናገረ። ዘርፌ "እሺ"፣ "አውቃለሁ"፣ "እሱማ ልክ ነህ" እያለች አዳመጠች። ዘጋችው።

"ምን አሉ?" አለ ክንዱ።

"ደምበኞቹ ይህን መልክ አያውቁትም። ላይወዱት ይችላሉ። ሳያይ አልወስድም፣ ሳያይም አልተውም አለ።"

ገብታ የትናንቱን ቱባ ከገመዱ አወረደች። ሌሊቱን ደርቋል። በላስቲክ ጠቀለለችው፣ ላዩ ላይ የአዲሱን ስም እንዲጽፍላት ለክንዱ ሰጠችው፤ ነጠላዋን ደርባ የወገዳው መኪና ሳይነሣ ለመድረስ ወደ መናኸሪያው ሄደች።